አብሮ የመጣ አብሮ ይመለሳል

ፈንቴ ከሸሕዲ መናኸሪያ ዳር መኪናውን አስነስቶ ወደ ኮኪት ሊወጣ ሲል አንዲት ሴት የጋቢናውን በር ከፍታ ገባች። እንደ ሌላው መንገደኛ እጇን አላነሳች፣ ሒሳብም አልጠየቀች። ነጭ ጋዋኗን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አኖረችና እንዲነዳላት፣ የቀረውን መንገድ ላይ እንደምትነግረው ለመነችው።

ፈንቴ ሰው ሲጭን ወሬውንም አብሮ የሚጭን ሾፌር ነው። የአይሱዙው ሬዲዮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ያላሠራውም መንገደኛ ስለሚበቃው ነው። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎ ማርሽ አስገባ።

«ሙሽኪላስ አለ ጋሼ» አለች ሴቲቱ። «በሽተኛ ጠፍቶብኛል።»

ስሟ አይናዲስ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ፣ በቀዶ ጥገና የታከሙ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ነርስ ናት። የጠፋባት ደግሞ ደረበ የሚባል ከጎጃም የመጣ ሰሊጥ አጫጅ። ሽንፋ ማሳ ላይ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተውት ነበር። ከተቀደደ ገና ሁለት ሌሊቱ ነው፤ መድኃኒቱን በደም ሥሩ እየወሰደ ነበር። ጠዋት የሌላ ሰው ቁስል አጥባ ብትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ጓደኞቹ ደግፈው ሲያወጡት በረኛው ድኖ መስሎት «እግዜር ይማርህ» ብሎ በሩን ከፍቶላቸዋል።

ለምንና ወዴት እንደወሰዱት የነገረቻት በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ናት። የሽንፋው ማሳ አልቆ ኮኪት ላይ ሌላ ይዘዋል፤ እዚያ ያለው ሰሊጥ አፉን መክፈት ጀምሯል፣ ከቆየ መሬት ላይ ይረግፋል። ሰዎቹ ደግሞ ካገራቸው ሲነሱ አንድ ዳቦ ቆርሰው ተማምለዋል፤ አብሮ የመጣ አብሮ ይመለሳል፣ ማንም ለባዕድ ተጥሎ አይቀርም።

አይናዲስ መቀመጥ አልሆነላትም። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ከየዛፉ ሥር አንገቷን አስግጋ ታያለች። ፈንቴ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር የነዳጁ ፔዳል እሷ ዘንድ ያለ ይመስል ወለሉን በእግሯ ትጫናለች። እሱም ወሬ ያሳርፋት ይሆናል ብሎ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት።

የዚሁ የሸሕዲ ልጅ ናት። አባቷ ከደጋ ወርዶ እዚሁ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ጎንደር ሄዶ ተቀደደ፤ ሐኪሞቹም መልካም ሆነ አሉ። ሲመለስ ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ አናት ተቀምጦ መጣ። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ስፌቱ ተለቀቀ፣ ሳምንትም አልቆየ።

«ቀዳጁ ሰፍቶ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል» አለችው። «የኔ ጭንቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።»

በሆስፒታሉ ምላጭ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ባለበት ቆሞ የበሽተኛው ስም፣ የሚቀደደውም ቦታ ጮክ ተብሎ ይነገራል። እሷ አንድ ጥያቄ ይጨመር ብላ ወጥራ ያዘች፤ ሲነቃ ማን አለው? ባልደረቦቿ ልትዳሪለት ነው ወይ ዘመዱን የምታጣሪ እያሉ ሳቁባት፣ በኋላ ግን ለመዱት። ደረበን ስትጠይቀው በመስኮት ጓደኞቹን አሳያት፤ ግቢውን ሞልተውት ነበር። ያን ሌሊት እፎይ ብላ ተኛች። አስታማሚ ላጣ ሰው መሥጋት እንጂ አስታማሚ ለበዛለት መሥጋት መቼ ለምዳ።

አሁን ግን ቆላው በቅቷታል። ወደ ጎንደር ዝውውር ተፈቅዶላት ሻንጣዋን አስራለች። ፈንቴ መልካም ነው ሊላት አፉን ሲከፍት «ያቁሙ» አለችው።

ሰዎቹ ከግራር ሥር ትራክተር ይጠብቃሉ። ደረበ መሐላቸው ጋቢ ላይ ተጋድሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ገላው ይፋጃል። አለቃቸው ባየልኝ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ጥለውት ቢሄዱ ለእናቱ ምን እንደሚሏት በትሕትና ጠየቃት። አይናዲስ አልተቆጣችም። የባየልኝን መዳፍ ይዛ ደረበ ሆድ ላይ አኖረችው።

«እንደ ጣውላ ደርቋል አይደል? ይህ ሆድ ማሳ አይደርስም።»

ባየልኝ እጁን ቶሎ አላነሳም። አንድ ሰው አስታማሚ ስጡት ብትል፣ ያማ ሁለት ሰው መጣል ነው አላት፤ ቃል ቃል ነው። ትራክተሩ ከሩቅ መጮህ ጀመረ። አይናዲስ ዞር ዞር ብላ አየችና ከስንቃቸው ቂጣ አንስታ ለሁለት ቆረሰች፤ ግማሹን ለባየልኝ ሰጥታ ግማሹን ጎረሰች።

«ከእናንተ አንዷ ሆንሁ። ከኔ ጋር ከሆነ ብቻውን አልቀረም።»

«ማጨድስ ትችያለሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ነኝ። አንተን ጥዬህ ነው የምሄድ።»

ሳቁ። ባየልኝ ግን አልሳቀም። ቂጣውን በቀስታ አላምጦ ዋጠና «እንግዲህ ከበላሽ፣ እኛ ሳንመጣ የትም አትሄጅም» አላት።

ፈንቴ የታሰረው ሻንጣ ትዝ ብሎት ፊቷን አየ። «እሺ» አለች።

ደረበን ጋቢና አስገቡት። ፈንቴ ኮኪት ላይ የጭነት ተራው እንደሚያልፈው እያወቀ መኪናውን ወደ ሸሕዲ አዞረ። ቀስ ብሎ፣ ጉድጓዱን እየሸሸ ነዳ። አይናዲስ የደረበን ሆድ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች፤ አሁን እግሯ ወለሉን የሚጫነው እንደ ፍሬን ነው።

ደረበን እንደገና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ፈንቴ መጨረሻውን ሳያውቅ መሄድ አላስችል ብሎት በር ላይ ቆየ። አይናዲስ ስትወጣ ሆዱ መታጠቡን፣ መድኃኒቱም መቀጠሉን፣ ትኩሳቱ ግን ገና እንዳልበረደ ነገረችው። ይህን ስትናገር ዓይኗ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ክፍሉ ነው። ኮኪት ስደርስ ለባየልኝ ምን ልበልልሽ ቢላት በሩን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ሰሊጡን ቶሎ እጨዱ ይበሏቸው ጋሼ። እነሱ ካልመጡ እኔም መሄጃ የለኝ።»