የእህቴ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ከተማ እህቴ መሠረት ቤት ተቀምጬ፣ አንድ የኮሪያ ድራማ ዳይሬክተር በእርጅና ምክንያት ሥራ ማቆሙን በስልኬ አነበብኩ። ልነግራት ፈልጌ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። የሰውየውን ሥራ ያስተዋወቀችኝ እሷ ናት።

ያኔ እኔ ትምህርት የጨረስኩ ሰሞን ነበር፤ ታላቄ መሠረት ጀማሪ አስተማሪ ነበረች። አባታችን አርፏል፤ እማዬ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ናት። በአማርኛ የተተረጎሙትን የኮሪያ ድራማዎች እኛ ለፍቅሩ ስናይ፣ መሠረት የምታየው ካሜራው የት እንደቆመ ነበር። ለእማዬ ቆጮ እያሞቀች የዚያን ዳይሬክተር ታሪክ ታወራኛለች። ለዓመታት የሌሎችን መብራትና ገመድ ተሸክሟል፤ የመጀመሪያ ድራማው ተመልካች አጥቶ መሃል ላይ ተቋርጦበታል። ሰው የወደደለት ከዚያ ውድቀት በኋላ የሠራውን ነው።

መስቀል ሲቃረብ ዝናቡ ጋብ አለና መሠረት በስልኳ አጭር ፊልም ልትቀርጽ ሾኔ ከተማ ገበያ ወሰደችኝ። ጭቃው አልደረቀም፤ አየሩ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ወንድሟ የጠፋባት ልጅ ሆኜ ተወንኩ። ነጋዴዎቹ ሲስቁብኝ ካሜራውን ወደ እነሱ አዞረችው፤ በኋላ ስናየው የፊልሙ ነፍስ የእነሱ ሳቅ ሆኖ ተገኘ።

ፊልሙን አዲስ አበባ ለሚሰጥ የዳይሬክተሮች ሥልጠና ላከችው። ተቀብለንሻል ብለው ሲደውሉላት እኔን እያየች፣ ፊልሙን የሠራችው ታናሽ እህቴ ናት፣ ትመጣለች አለቻቸው።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«አንዳችን ከእማዬ ጋር መቅረት አለብን። አንቺ ብቻሽን ልታነሻት አትችይም፤ እኔ እችላለሁ።»

«ፊልሙ እኮ ያንቺ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሌላ ትሠሪያለሽ» አለችና ወደ እማዬ ገባች።

መነኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አልሄድም ማለት እችል ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ደስ አለኝ። ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ደስታ ነው።

ሥልጠናው እንጀራዬ ሆነ፤ ዛሬ ድራማ እሠራለሁ። እማዬ ከዓመታት በኋላ በመሠረት እጅ አረፈች። አብረን እንሥራ ብዬ ስለምናት፣ ሀቢቾ መንደር ያሉ ተማሪዎቿን ለማን እንደምትተው ትጠይቀኛለች።

ያን ቀን በመጨረሻ የዳይሬክተሩን ዜና ነገርኳት። «ይረፍ፤ ብዙ ደክሟል» አለችና ምሳ ልታቀርብ ተነሳች።

እንዳልበደልኳት ደጋግማ ነግራኛለች። አንዳንዴ ብትወቅሰኝ እመርጣለሁ፤ ለወቀሳ ይቅርታ ይጠየቃል። እሷ ግን ይቅርታ የምጠይቅበትን በር እንኳ አልተወችልኝም።