በሎጊያ ፀሐይ የቀለጠው ናሙና

ሰው አገሩን የሚለቀው በሌሊት፣ እየተላቀሰ ነው ይባላል። እኔ ከሎጊያ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰባት ሰዓት፣ ማዳበሪያ በጫነ ተሳቢ ጋቢና ነው። ወላጆቻችን ሲሞቱ ከወሎ አምጥቶ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሳደገኝ ወንድሜ ጋሼ ሰይድ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረውም፤ ሾፌሮቹ ምሳ እየጠበቁት ነበር። «ሂጂ፣ አላህ ያቅናልሽ። ብርድ ካለ ደውዪልኝ» አለኝ። ብርድ ካለ! አዋሽ ላይ ትንሽ ነፈስ ሲልልኝ ውጭ አገር የደረስኩ መስሎኝ ነበር።

ጀርመን ብርድ አለ። አከራዬም አሉ።

«መስኮት ለምን አትከፍቺም?»

«በረዶ እየጣለ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«አየር መግባት አለበት። ሉፍተን!»

እኛ ሎጊያ መስኮት የምንዘጋው ወላፈኑ እንዳይገባ ነው። እዚህ ለማሞቂያ ከፍለው ሲያበቁ ብርዱን በመስኮት ይጋብዙታል።

ጀርመኖቹ ከሰመራ ኮሌጅ ያገኘሁትን የላብራቶሪ ዲፕሎማ አይተው «ቆንጆ ወረቀት ነው» አሉና ሦስት ዓመት እንደገና አስተማሩኝ፤ አውስቢልዱንግ ይሉታል። አሁን የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። ዕጢው ለማደግ ደም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቪኢጂኤፍ የሚባል መልእክተኛ ልኮ አዲስ የደም ሥር ያስገነባል። እኛ ናሙናውን በስሱ ቆርጠን፣ የደም ሥሮቹን በቀለም ቡናማ አድርገን እንቆጥራለን። ከበዙ በሽታው ቸኩሏል ማለት ነው። እኛ አገር አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ስንት ስብሰባ ይጠይቃል! ዕጢው ግን ያለ ጨረታ፣ ያለ መሠረት ድንጋይ ይጨርሰዋል።

እንዲህ እያልኩ ስቀልድ የጋሼ ሰይድ ዓይን ቢጫ ሆነ። አዲስ አበባ ናሙና ወሰዱለት፤ ያው እኔ ላብራቶሪ የምመረምረው በሽታ ነው። ለቀዶ ጥገናም አልፏል አሉት። እሱ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለልጄ ለዘሀራ ኒካህ እደርሳለሁ ወይ? የሙሽራው ቤተሰቦች ከአረፋ በኋላ ይሁን ብለዋል። ያንቺ ፈረንጆች ይንገሩኝ።»

ናሙናውን እንዲያይልኝ አለቃዬን ዶክተሩን ለመንኩት፤ አስመጪው አለኝ። በሰም የተያዘችውን ቁራጭ ጋሼ ለጅቡቲ ሾፌር ለመሐመድ በአደራ ሰጠው፤ ከዚያ በፖስታ እንድትላክ። መሐመድ ደግሞ አደራ ያውቃል! ከዓይኔ አትራቅ ብሎ መሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ፣ ልክ የመኪናው መስታወት ሥር አስቀመጣት። ድንበሩ ጋ፣ ገላፊ ላይ ፈታሹ ጠየቀው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰው ጉበት።»

«ባለቤቱስ?»

«ሎጊያ ሻይ እየቀዳ ነው።»

ፈታሹ ስቆ አሳለፈው። እኛ ጋ ስትደርስ ሰሟ ቀልጦ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቃለች። ዶክተሩ ጮኸ።

«ምን አደረጋችሁት? ይሄ እኮ የሚቀልጠው ስልሳ ዲግሪ ገደማ ነው!»

«መስታወት ሥር ነበር። ለሎጊያ ደህና ቀን ነው።»

ደግነቱ ሥጋው አልተነካም። አዲስ ሰም አልብሼ፣ በገዛ እጄ ቆርጬ ቀለም ቀባሁት። ማይክሮስኮፑ ሥር ያየሁት ቡናማ ብቻ ነው። መቁጠር ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ተውኩት። የወንድሜ ሥጋ ነው። ዶክተሩ አየና «በደም ሥር ብዛት ብቻ የሰው ዕድሜ አይነገርም» አለ። ናሙናውን ሲመልስልኝ ግን «እኔ ብሆን ሠርጉን አላቆየውም» አለኝ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ደወልኩ።

«እህሳ፣ ምን አሉ?» አለ ጋሼ።

ቀልድ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«ጋሼ፣ አረፋን አትጠብቅ። አሁን አድርገው።»

ከጀርባው አንድ ሰው «ሻይ!» እያለ ይጣራል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሼ። «የዛሬ ሳምንት ይሁን እላቸዋለሁ። ትደርሻለሽ አይደል?»

የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቷል። ሳይመለስልኝ ከወጣሁ ተመልሼ መግቢያ የለኝም፤ ቢሮው ደግሞ ስድስት ሳምንት ጠብቂ ብሎኛል።

«እየሞከርኩ ነው» አልኩት።

«በይ የቀሚስሽን ልክ ንገሪኝ፣ ልብስ ሰፊው እዚሁ ቁጭ ብሏል።»

ወገቤን፣ ደረቴን፣ ቁመቴን አንድ በአንድ ነገርኩት።