የአክስቷ ሰባት መስመሮች

ኅዳር 14 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የቲያትር ቤቱ መዋቢያ ክፍል ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ ለሚቀጥለው ተውኔት የተጀመሩ ሁለት የላስቲክ ጆሮዎች ነበሩ። ጉትቻ ጎትቶት እስከ ትከሻ የወረደው የግራው አልቋል፤ ቀኙ ገና ከጄሶው ቅርጽ አልወጣም። ሠሪያቸው እሑድ ከአልጋዋ ሳትነሳ ዐረፈች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር።

ሙጫዬ ይሏት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የውሸት ጢም፣ የውሸት ቁስልና የውሸት እርጅና ስታጣብቅ ኖራለች። ሙጫ ከእጇ ስለማይጠፋ የጨበጣት ሁሉ «እጄን መልሺልኝ እንጂ» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «ደሞ ለዚህች እጅ» ትላለች።

በመስከረም ወር አንድ ተውኔት መጣ። ዋናዋ ባለታሪክ በልጅነቷ ጉንጯን በምላጭ የተበጣች ባልቴት ናት። ሙጫዬ መጽሐፍ አላገላበጠችም። ያሳደገቻት አክስቷ ጉንጮች ላይ ሰባት ያበጡ መስመሮች ነበሩ፤ በቀኝ አራት፣ በግራ ሦስት።

«መንገድ ላይ ሲያፈጡብኝ የኖሩት አነሰና መድረክ ላይ ልትሰቅይኝ ነው?» አለች አክስትየዋ። እያደር ግን ተረታች። «እሺ፣ ውሰጂው። ግን እኔኑ አድርገሽ ሥሪኝ። ካበላሸሽኝ አታወጪኝም። ቃልሽን ስጪኝ።»

ሙጫዬ ቃሏን ሰጠች።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከአክስቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሣለች፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ በክር ለካች፤ ጄሶ ቀርጻ፣ ፈሳሽ ላስቲክ አፍስሳ፣ ሰባት ቀጫጭን ጠባሳዎች አወጣች። ከዚያ ሥዕሉን መስታወቱ ጥግ ለጥፋ፣ እንደ ልማዷ ከተዋናይዋ ኋላ ቆማ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል አጣበቀቻቸው። ቁርጥ ሥዕሉን ሆነ።

በመጨረሻው ልምምድ ዕለት አክስትየዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተዋናይዋ ስትወጣ አንገቷን አሰግጋ አየቻት፤ ሲያበቃም ምርኩዟን ይዛ ወደ መዋቢያው ክፍል ገባች።

«ያቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ አክስቴ።»

«እኔስ አይደለሁም። አራቱ የአባቴ ወገን ናቸው፤ ቦታቸው ቀኝ ነው። ሦስቱ የእናቴ ናቸው። አንቺ አባቴን እናቴ ቤት አስገብተሽዋል። በሕይወቱ የአማቶቹን ደጅ ያልረገጠ ሰውዬ።»

ሙጫዬ ተዋናይዋን ወደ ራሷ አዙራ አየቻትና ክው አለች። ፊትን ሁሉ በመስታወት ውስጥ ስታይ ኖራ፣ መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚያገላብጥ ረስታው ነበር። ለጢምና ለሽበት ምን ቸገረው፤ ጢም ግራ ቀኝ የለውም።

አዘጋጁ ተለማመጣት። «ነገ ማታ እኮ ይከፈታል። ከወንበሩ ሆኖ ማን ይቆጥራል?»

«እሷ ትቆጥራለች» አለች ሙጫዬ፤ ሰባቱንም ልጣ ጣለቻቸው።

የተላጠው ስለተቀዳደደ እንደገና ሌላ ሰባት አወጣች። በማግስቱ መስታወቱን በአንሶላ ሸፈነች። አክስቷንና ተዋናይዋን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አንድ እጇን አክስቷ ጉንጭ ላይ፣ ሌላውን ተዋናይዋ ጉንጭ ላይ አድርጋ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ጀመረች።

አክስትየዋ አፏ አያርፍም። «ያንቺ ፊት የተላጠ ድንች ይመስላል» አለቻት ተዋናይዋን።

«ኧረ እማማ አያስቁኝ፣ ይነቀላል።»

«ይነቀላ። የኔ ሲበጣ እንኳን መሳቅ መተንፈስም አልተፈቀደልኝ።»

ሥራው ሲያልቅ አክስትየዋ በአውራ ጣቷ ቀኙን አራት፣ ግራውን ሦስት ብላ ቆጠረች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እኔ» አለቻት።

ሙጫዬ ፊቷን ወደ አንሶላው አዞረች።

ተውኔቱ በሰዓቱ ተከፈተ። አክስትየዋ በየሳምንቱ እየመጣች አጠገቧ ለተቀመጠው ሁሉ «ያቺ እኔ ነኝ» ትል ጀመር። ወር ሳይሞላም ፎቶ መነሣት አማራት፤ ከተዋናይዋ ጋር፣ ጉንጭ ለጉንጭ።

ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሙጫዬ ፎቶ ቤት ሄዳ ሦስት ቅጂ ተቀበለች። አንደኛው ጠርዙ ጠሞ ተቆርጦ ነበርና አስለወጠችው። አሥር ሰዓት ላይ አክስቷ ቤት አደረሰች፤ ሦስቱንም በፖስታ፣ ሳይታጠፉ።