የጋሽ ተሰማ ራይዲንግ

ከቶርንክሊፍ ፓርክ የወጣሁት ሰኞ ጠዋት፣ የፌዴራሉ ምርጫ ዕለት ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ባስና አንድ የምድር ባቡር (ሰብዌይ) ብቻ። እኔ ግን አመል ሆኖብኝ የትም ስሄድ ማስታወሻ እይዛለሁ። የዚያን ቀን ሥራዬ ጋሽ ተሰማን ድምፅ ወደሚሰጡበት ቦታ ማድረስ ነበር። ራሴ ገና ዜጋ ስላልሆንኩ መሸኘት እንጂ መምረጥ አልችልም።

ጋሽ ተሰማ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቶሮንቶ ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። እኔንም ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ዜግነት ካገኙ ወዲህ አንድም ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም። በየምርጫው በፖስታ የሚመጣላቸውን የመራጭ ካርድ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማሉ። «አገር ቤት ሳለሁ መርጫለሁ የምለው ነገር ቢኖር ጫማ ነው» ይላሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮል አደረጉልኝ።

«ሰናይት፣ ራይዴ ቀርቷል አሉኝ።»

«የምን ራይድ ጋሼ?»

«የምርጫው ነዋ! ደውዬ ብጠይቅ ልጅቷ ያንተ ራይድ ከእንግዲህ የለም አለችኝ። ድሮ ሽማግሌ የሚወስድ መኪና ይልኩ ነበር። ነይና አድርሺኝ።»

እኔ መኪና የለኝም። እሳቸውም ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መንዳት ትተዋል። ቢሆንም እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንልኝምና ከሥራ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

9:05፣ ከቤት

ወደ ፔፕ ጣቢያ የሚሄደው ባስ እንደተለመደው ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዷ እናት የሕፃን ጋሪዋን እግሬ ላይ አቁማ ይቅርታ ብላኝ እዚያው ተወችው። ታሪፉ ሦስት ዶላር ከሠላሳ ነው፣ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፤ ከዚያ ካለፈ እንደገና ይቆርጣል። ፔፕ ላይ ሰብዌይ ይዤ ወደ ምሥራቅ፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ወርጄ ወደ ሰሜን በሚሄደው ባስ ተሳፈርኩ። ኤግሊንተንን አልፌ ስወርድ አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነበር። (ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን አቆጣጠር እዚህ ብጠቀም ራሴም እጠፋለሁ።)

ጋሽ ተሰማ ሕንጻቸው በር ላይ ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ፤ ጫማው ያንጸባርቃል።

«ካርዱን ያዙት?» አልኳቸው።

«መለስኩት።»

«ምን አሉ?»

«የኔ አይደለማ! ስካርቦሮ ሴንተር ይላል። እኔ ስካርቦሮ ኖሬ አላውቅም። ስህተት ነው ብዬ ጻፍኩበትና ፖስታ ሳጥን ከተትኩት።»

«በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት?»

«በአማርኛማ ማን ያነብልኛል!»

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መታወቂያቸው ላይ አድራሻቸው ስላለ ካርድ ባይኖርም ችግር የለም ብዬ አረጋጋኋቸው።

10:00፣ ወደ ትምህርት ቤቱ

ሁልጊዜ የሚመርጡት ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። እየሄድን የሰፈሩን ታሪክ አወጉኝ። የምርጫ ክልላቸው ዶን ቫሊ ኢስት ይባላል፤ እሳቸው ካናዳ ከመግባታቸው በፊትም ነበረ። ድንበሩን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ገፍተውታል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። ቪክቶሪያ ፓርክ ጎዳና ወሰኑ ነው፤ ከመንገዱ ወዲህ እነሱ፣ ወዲያ ማዶ ስካርቦሮ። «ታክሲ ስነዳ ማን የት ሰፈር እንደሚመርጥ በመንገዱ አውቅ ነበር» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ የምርጫ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ያንከባልላሉ። ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ደግ ሴት ናት። አድራሻቸውን ኮምፒውተር ላይ አይታ፣ ድምፅ የሚሰጡት ከቪክቶሪያ ፓርክ ማዶ ባለ አዳራሽ እንደሆነ ነገረችን። የሕዝብ ቁጥር ተቆጥሮ የከተማው የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ ተሸንሽነዋል፤ ዶን ቫሊ ኢስት ተከፋፍሎ ለጎረቤቶቹ ተሰጥቷል። «አሮጌው ራይዲንግህ ከእንግዲህ የለም» አለቻቸው፣ ቃል በቃል።

ያኔ ገባኝ። እዚህ አገር የምርጫ ክልልን ራይዲንግ ይሉታል። የቀረው መኪናው ሳይሆን ክልሉ ነው! «ጋሼ፣ ራይድ ሳይሆን ራይዲንግ ነው ያሉዎት» አልኩና እየሳቅኩ ዞር ስል፣ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ሳቄን ዋጥኩት።

ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ይነሡ እንጂ፣ ማዶ እኮ ነው። የአሥር ደቂቃ መንገድ።»

«አልሄድም።»

«አንድ ምርጫ አላመለጠኝም ሲሉ አልነበር?»

«እኔ አላመለጠኝም። እነሱ ናቸው ያመለጡኝ።» ክራቫታቸውን ላላ አደረጉት። «ስሚኝ። የተወለድኩት የረርና ከረዩ አውራጃ ነው። አውራጃው የለም። ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ እሱም የለም። እዚህ ስገባ ፎርም ሲያስሞሉኝ ይህን ቦታ ካርታ ላይ አሳየን አሉኝ። ምን ላሳያቸው? እዚህ መጥቼ ደግሞ አንድ የኔ የምለው ስም ባገኝ፣ እሱንም ሰረዙት። ሰው ስንት ጊዜ ነው ከወንበሩ የሚነሣው?»

እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር። ፈቃድ ወስጄ፣ በባስ ተጋፍቼ፣ ለአንድ ስም ብለው! ግን እኒህ ሰው ክረምት ሲመጣ ካፖርት አለሽ ወይ ብለው የሚደውሉልኝ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ከቆየን በኋላ «ቢያንስ ማዶ ሄደን ይንገሯቸው፤ ቅሬታ እኮ ፊት ለፊት ነው የሚያምር» አልኳቸው። ለጠብ መቼም አይሰንፉም፤ ተነሡ።

11:20፣ ማዶ

ቪክቶሪያ ፓርክን ስንሻገር መብራቱ ሊቀየርብን ነበር። ጋሽ ተሰማ መሐል ላይ ቆም ብለው ወደኋላ አዩ። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው፤ አንዱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፋብን።

አዳራሹ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ፤ ፊደል በፊደል ነው የሚያነቡት።

«ስካርቦሮ ሴንተር...» አሉና ቀጠሉ። «ዶን ቫሊ ኢስት።»

እንደገና አነበቡት።

«ሰናይት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአዲሱ ራይዲንግ ስም ነው። ካርዱም ላይ እንዲሁ ይሆናል የተጻፈው፤ መጀመሪያውን አይተው ተዉት እንጂ።»

«ስም ብቻ አይደለም፤ ይሄ ስም ከነአባት ነው!» ድምፃቸው ከፍ ስላለ ሰልፈኛው ዞሮ አየን። «ስካርቦሮ ሴንተር ዶን ቫሊ ኢስት! ልጁ ነዋ! ወልዶ ነው የሞተው!»

እኔ ይህን ስም በዜና መቶ ጊዜ ሰምቼው እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ሁለቱን ለመለየት በመሐሉ ሰረዝ አለ ልላቸው ነበር፣ አፌን ያዝኩ። ክራቫታቸውን አጥብቀው ገቡ።

መዝገብ የያዘችው ልጅ መታወቂያቸውን ተቀብላ «ሚስተር ወልዴ?» ስትላቸው ከበር ላይ ሰማሁ። ሌላ ቀን ቢሆን «ወልዴ አባቴ ናቸው» ብለው ሌክቸር ይሰጧት ነበር። ያን ቀን ግን «የስ፣ የስ፣ የወልዴ ልጅ ነኝ» ብለው በአማርኛ መለሱላት። ምኑ እንደገባት አላውቅም፤ ፈገግ ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው።

1:00፣ ዳንፎርዝ

ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዘው ብለው ግሪንዉድ ጣቢያ አወረዱኝና አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት አስገቡኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ስለሆነ ክትፎ አዘዙ፣ ሃያ አራት ዶላር። እኔ ጥብስ በላሁ፤ ቃሪያው አስለቀሰኝ። ማንን እንደመረጡ ብጠይቃቸው «ምስጢር ነው፣ ለዚህ አይደል ከአገር የወጣሁት» ብለው ጎረሱ።

ከዚያ እሳቸው ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ ምዕራብ ተለያየን። ሁለት ሰዓቱ ስላለፈ ሌላ ሦስት ከሠላሳ ከፈልኩ።

3:15፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የዜግነት ፎርሜን አወጣሁ። የትውልድ ቦታ የሚለውን ክፍት ቦታ ሁልጊዜ በአንድ እስትንፋስ እሞላው ነበር። ሽማግሌዎች በስም ሲጨቃጨቁ ነገር ፍለጋ ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ስሙ ከካርታ የጠፋበት ሰው ዘመድ እንደሞተበት ሰው የሚያጽናናው ነገር ይፈልጋል።

ስልኬ ጮኸ።

«ሰናይት፣ ቆርቆሮው ውስጥ የምከተው ካርድ የለኝም እኮ። መለስኩት።»

«አይ ጋሼ! ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጨርሻለሁ። ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከአሮጌዎቹ በላይ አስቀመጥኩት። ላንብብልሽ?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስም፦ ስካርቦሮ ሴንተር። የአባት ስም፦ ዶን ቫሊ ኢስት።»

«የአያት ስምስ?» አልኳቸው ለቀልድ።

ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማኝ።

«የረርና ከረዩ» አሉ።