አባይነሽና የእትዬ ሲና ሰሌን

ሜልበርን፣ ብሬብሩክ ሰፈር ውስጥ አባይነሽን የማያውቅ አበሻ ካለ ገና ትናንት የመጣ ነው። የሰፈሩን አዳራሽ የምታጸዳው እሷ ናት፤ ቁልፉ ከወገቧ፣ ነገሩ ከአፏ አይጠፋም። ውሃ ቀጠነ ብላ ትጣላ ይሆናል እንጂ፣ ሰው ሲቸገር አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲና የሚባሉ የሳሞአ አዛውንት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች የአገራቸውን ጭፈራ ያስተምሩ ነበር። ሳሳ ይሉታል። ልጆቹ ወለሉ ላይ በረድፍ ቁጭ ይሉና በእጃቸው ይጨፍራሉ፤ ያጨበጭባሉ፣ ጭናቸውን ይመታሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ሠላሳ ልጅ እንደ አንድ ሰው። ሲያዩት ያስቀናል! ከበሮው ደግሞ ተጠቅልሎ የታሰረ ሰሌን ነው፤ በሁለት ዱላ ይመታል። የአባይነሽ ልጅ ኤደን ከፊት ረድፍ ነበረች። በአማርኛ ሲጠሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ ተቀመጪ ሲሏት የምትነሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

የሰፈሩ በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰሌን መቺው የሥራ ሺፍቱ ተቀየረበትና ቀረ። እትዬ ሲና ልጆቹን ሊበትኑ ሆነ። አባይነሽ ታዲያ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ጉለሌ ሳለች ያለ እሷ ከበሮ የደመቀ ሠርግ እንዳልነበረ፣ ሰሌን መምታት ለእሷ ምንም እንዳልሆነ አፏን ሞልታ ተናገረች።

ያን ቀን ጉድ ፈላ። የሠርግ ከበሮ መቺ ዐይኑ ጨፋሪው ትከሻ ላይ ነው፤ ጨፋሪው ሲሞቀው እሱም ያሞቃል። የእትዬ ሲና ልጆች ደግሞ ጆሯቸውን ለሰሌኑ ሰጥተው ነው የተማሩት። አባይነሽ የልጆቹ እጅ ትንሽ ሲፈጥን አየችና አፈጠነች። ልጆቹ ሰሌኑ ሲፈጥን ሰሙና ባሰባቸው። እሷም ባሰባት። መጨረሻ ላይ ሠላሳው ልጅ አንዱ በአንዱ ላይ ተከመረ። ኤደን በሀፍረት፣ በዚያው በእንግሊዝኛዋ፣ ይቅርብሽ አይሆንልሽም አለቻት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አባይነሽ የምትገባበት ጠፋት።

እትዬ ሲና ግን አልሳቁም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"አንቺ ልጆቹን ትከተያለሽ፣ ልጆቹ አንቺን ይከተላሉ። ታዲያ የሚመራው ማን ነው?" አሏት።

ምን ትበል? ባሏን ተከትላ ሱዳን ገባች፤ እዚያ የራሽን ሰልፍ ተከተለች፤ እሱ ሲሞት የእህቷን ደብዳቤ ተከትላ ሜልበርን መጣች። እሷን የተከተለ ሰው ግን በዕድሜዋ አላየችም። አሁን ደግሞ ያንኑ ስህተት ከደገመች፣ ሠላሳ የሰው ልጅ፣ ኤደንን ጨምሮ፣ በአገሬው ፊት ይዋረዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የሶፋ ትራስ ስትደበድብ ከረመች። ኤደን በሯን ዘግታ ቴሌቪዥን ታያለች።

በበዓሉ ቀን የሰፈሩ መናፈሻ በሰው ሞልቷል። ልጆቹ ገና ከመጀመራቸው የአባይነሽ ጎረቤት ሰፊያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አበሻው ሁሉ ተቀብሎ ያጨበጭብ ጀመር፣ እየፈጠነ። እልልታ ሰምቶ እጁ የማይፈጥን የሠርግ ከበሮ መቺ አልተፈጠረም። የልጆቹም እጅ ይቸኩል ጀመር። አባይነሽ ዐይኗን ከእነሱ ነቅላ ሰሌኑ ላይ ተከለች። ወይ ፍንክች! ጥቂት ምት አለፈና ሠላሳው ልጅ ወደ እሷ ተመለሰ። መመለሳቸውን ሳታይ በጆሮዋ ሰማችው። መጨረሻ ላይ በገዛ ፈቃዷ፣ ካጠኑት በላይ አፈጠነችና፣ ባልተለማመዱበት ቦታ ድንገት ቀጥ አለች። ስድሳ እጅ አብሯት ቀጥ አለ። መናፈሻው በጭብጨባ ተናወጠ።

ኤደን ላቧን እየጠረገች መጣች።

"እዚያ ጋ እንደማቆም በምን አወቅሽ?" አለቻት እናቷ።

"አላወቅኩም። ተከተልኩሽ" አለች ልጅቷ፣ በአማርኛ።

አባይነሽ ሰሌኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ኤደን ሁለቱን ዱላዎች ይዛ ከኋላዋ መጣች።