አጎቴ ሳንቲም የሚገዛው ሻጩን ሳሙና ቀብቶ ነው

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱሱ ግን የድሮ ሳንቲም ነው። ከመስታወቱ ጎን ቀይ ጨርቅ የለበሰች ሰሌዳ ሰቅሎ እላይዋ ላይ ደርድሯቸዋል። የላይኛው ረድፍ ላይ አንዲት ቦታ ባዶ ናት። እሷን የሚሞላ የብር ሳንቲም ሲፈልግ ነው ፀጉሩ የሸበተው።

ሲገዛ ዘዴ አለው። ሳንቲም ሻጭ መቼም ሳንቲም ብቻ ይዞ አይመጣም፤ "ይሄ እኮ የቅድመ አያቴ..." እያለ ወሬውንም ይዞ ነው የሚመጣው። አጎቴ አይከራከረውም። "ጌታዬ፣ ጢምዎን በነፃ ላንሳልዎት" ብሎ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠውና እስከ ከንፈሩ አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። ሰውዬው አፉን ከከፈተ ሳሙና መብላቱ ነው። በዚያች ፀጥታ አጎቴ አጉሊ መነፅሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ሳንቲሙን ያገላብጣል። "ወሬውን እየሰማሁ ካየሁት ሁሉም ያምረኛል" ይላል። ስንቱን አጭበርባሪ ላጭቶ ሸኝቷል መሰላችሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ባለ ኮፍያ ከች አለ። ጉንጩ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ምኑ ይላጭ? የያዘው ደግሞ ያቺኑ ባዶዋን ቦታ የምትሞላውን የብር ሳንቲም። እኔ ከጎን ካለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

"አባቴ ሊሞቱ ሲሉ፣" አለ ባለ ኮፍያው፣ ድምፁን ማር እያስመሰለ፣ "'ልጄ፣ ይቺን ለሚያውቅባት ሰው ስጣት' አሉኝ። እርስዎን ሳይ እሳቸውን ያየሁ መሰለኝ።"

አጎቴ እንባ አቀረረ። እጁ ወደ መሳቢያው ሄደች። ወይ ጉዴ አልኩ፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው የጣሪያው ማሠሪያ ገንዘብ ነዋ። የሱም የኔም ሱቅ ጣሪያ አንድ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሰው ስልክ ታቅፌ ከጥግ ጥግ የምሮጠው እኔ ነኝ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

የአጎቴ ሚስት ጓዳ ፎጣ ስትቀቅል ሰምታለች ለካ። ፎጣውን በጉጠት አንጠልጥላ ወጣች።

"ውይ ጌታዬ፣ ፊትዎ እንዴት ነው የደረቀው በሞቴ። ቁጭ ይበሉ" አለችና ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠቀለለችው።

"እምምም" አለ ሰውዬው።

"አይናገሩ፣ እንፋሎቱ ይወጣል።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በል አሁን እይ" አለችው።

አጎቴ አየ። የእውነተኛዋ ሳንቲም ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ይህችኛዋን ግን ዙሪያዋን ስስ መስመር ይዞራታል፤ ሁለት ግማሽ ቀልጦ የተጋጠመበት። መሳቢያውን ቀስ ብሎ ዘጋው። ፎጣው ሲነሳ ባለ ኮፍያው እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል።

"አባትዎ ያሉት ሰው እኔ አይደለሁም" ብሎ ሳንቲሙን መለሰለት።

ጣሪያው ተሠራ። አሁን ዝናብ ሲመጣ እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ፤ እያንዳንዷን ፉት ስል የአጎቴን ሚስት እመርቃለሁ። ባዶዋ ቦታም እስከ ዛሬ ባዶ ናት። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሆኖ "እዚህ ጋ ምን ጎደለ?" ሲለው አጎቴ ምላጩን ያቆምና፣

"ምንም። ይቺ የባለቤቴ ቦታ ናት" ይላል።

እሷ ደግሞ ከጓዳ፣ "ታዲያ ኪራይዋን ክፈለኛ።"