በሩን ማን ከፈተው?

ልጅ ሳለሁ ማምሻዬን የማሳልፈው ቡራዩ ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ከዘበኛው ከኦቦ ገመዳ ጋር ነበር። እናቴ ሆለታ መንገድ ላይ ባለ የአበባ እርሻ ትሠራ ስለነበር የሠራተኞቹ ሰርቪስ የሚያወርዳት እዚያው በር ላይ ነው። ቤት ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብላ ለእሳቸው አደራ ሰጠችኝ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የራሴን ትምህርት ስጨርስ ወደ እሳቸው እሄድ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የራሴም ሆነ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ከጊዜ ጋር ይበርዳል ብዬ ብዙ ዓመት ጠበቅሁት፣ አልበረደም።

የዘበኛ ቤት የሚባለው አንድ ሰው ተኝቶ እግሩን የማይዘረጋበት የቆርቆሮ ክፍል ነበር። መብራት ለክፍሎቹ እንጂ ለእሱ አልተዘረጋም፤ ከምስማር ላይ ፋኖስ ይንጠለጠላል። ኦቦ ገመዳ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዳሉ፣ እንጨቱ እርጥብ ነውና መጀመሪያ ዓይናችን እስኪያነባ ይጨሳል፣ ከዚያ ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጭሱን ጠርጎ ፍሙን ብቻ ያስቀርልናል። ያኔ ካፖርታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጉና ተረታቸውን ይጀምራሉ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ።

ከተረቱ ይልቅ የማስታውሰው ዝምታቸውን ነው። ጅብ ዳኛ ሆኖ የተሾመበትን ተረት ሲነግሩኝ ፍርዱ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ። «አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትፈርጃለሽ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እሳቱን ይቆሰቁሳሉ፣ ተነስተው መኪና ያስገባሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ አሁንም ይጠብቁኛል። የአንዲት ቀበሮ ጉዳይ አንዴ እኔ ዘንድ ሦስት ቀን አድሯል። ተጣድፌ አፌ ያመጣልኝን ከተናገርኩ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ይሉና ሌላ ቀን ይጨምሩልኛል።

እንቆቅልሽም ነበረን። እሳቸው «እንቆቅልሽ» ሲሉ እኔ «ምን አውቅልዎ» እላለሁ፣ ስሸነፍ እንደ ደንቡ አገር እሰጣቸዋለሁ። ሰንዳፋን ስሰጣቸው «ሰንዳፋ ገባሁ፣ እርጎውን ጠጣሁ፣ ለአንቺ አጓቱን አስተረፍኩልሽ» ብለው ይሳለቁብኛል። ሰበታን ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሱሉልታን ስንቴ እንደሰጠኋቸው አላስታውስም። አንድ ማታ ሌላ አገር ቸገረኝና ቡራዩን ሰጠሁ። ኦቦ ገመዳ አልሳቁም። «የተቀመጡበትን አይሰጡም» አሉኝ። ከዚያ በከዘራቸው የዘጠነኛ ክፍልን ሕንፃ አሳዩኝ፤ ጤፍ ያርሱበት የነበረ መሬት ነው። በገዛ ማሳቸው ላይ ዘበኛ ሆነው እንደተቀጠሩ ያኔ ነው ያወቅሁት። ሰውየው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ያንን ሕንፃ ተማሪ ሆኜ ስገባበት ፕላዝማ ጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በሳተላይት ከሩቅ የሚመጣ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ የምትጣደፍ ሴትዮ። መምህራችን ሪሞቱን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ ጥያቄ ትጠይቅና ሰዓት ትቆጥርብናለች፤ እኔ ጥያቄውን ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ አገላብጬ ሳልጨርስ መልሱን ራሷ ትናገርና «በጣም ጥሩ» ትለናለች። ማንን እንደምታመሰግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ መምህሩን ልጠይቅ ስል «ቆይ፣ ታልፈናለች» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። አስተማሪነቱን ቀምተው ሪሞት ያስያዙት ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት ማስተር ፕላን የሚባል ነገር በየቤቱ ይወራ ጀመር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ሊነሳ ነው ተባለ። አንዳንዴ ማታ አብሮን እሳት የሚሞቅ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ካርታውን ከሆነ ስልክ ላይ አይቶ ደብተሩ ላይ ስሎ አመጣውና ፋኖሱ ሥር ዘረጋልን። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ። በጨዋታ ስሰጣቸው የኖርኳቸው አገሮች በሙሉ እዚያ ተጽፈው ነበር። ኦቦ ገመዳ ማንበብ አይችሉም፤ በጣቴ እያሳየሁ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፈው ለልጁ መለሱለት።

«ከእንግዲህ አገር አልቀበልም» አሉ።

«ታዲያ ሳላውቅ ስቀር ምን ልስጥዎ?»

«ምንም። ነገ ትመልሺልኛለሽ።»

ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ፎዚያ ነበረች። አባቷ አስፋልቱ ዳር ስልክ ይሸጣሉና ከልጅ ሁሉ ቀድማ ስልክ የያዘችው እሷ ናት። አንድ ማምሻ ስልኩን ከሻርፗ ሥር ደብቃ አምጥታ «ኦቦ፣ ድምፅዎን ልቅዳው?» አለቻቸው።

«ለምን ይጠቅምሻል?» አሏት።

«እኔ እንጃ። በኋላ እንሰማዋለን።»

ሳቁና እሺ አሉ። ከዚያ «እንቆቅልሽ» አሉኝ። «ሰውን ሁሉ ያስገባል፣ እሱ ግን ገብቶ አያውቅም።»

አሰብኩ። ጭራሮው ይንጣጣል፣ ፎዚያ ሳቋን ታፍናለች፣ እሳቸው ይጠብቃሉ። ብዙ ቆይቶ የሰርቪሱ ጥሩምባ ተሰማ። «ሂጂ፣ እናትሽ መጣች» አሉኝ። «ነገ ትመልሺልኛለሽ።»

በማግስቱ ተማሪው ማስተር ፕላኑን ተቃውሞ ወጣ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ትልልቆቹ እየጮሁ ከግቢ ሲወጡ እኛም ደብተራችንን ጥለን ተከተልናቸው። ፕላዝማው ባዶ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ቀረ። አስፋልቱ ላይ ገና ሳንደርስ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ቀጥሎ የሰማነው ጭስ የሚተፋ መሣሪያ ድምፅ አልነበረም። ዞረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥን። በሩ ተቆልፏል። ርዕሰ መምህሩ «ንብረት አለ፣ ማንም እንዳይገባ» ብለው አዘው ነበር። ንብረት ያሉት እነዚያን ስክሪኖች ነው። እኛ ከውጭ በኩል ብረቱ ላይ ተለጥፈናል፣ የኋላው የፊተኛውን ይጨፈልቃል፣ የፎዚያ ክንድ ፍርግርጉ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሮ ትጮሃለች። ኦቦ ገመዳ ከውስጥ ሆነው አዩን። የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አንዴ ዞረው ተመለከቱ፣ ከዚያ ቁልፋቸውን አወጡ።

ገባን። ካርታውን የሳለው ልጅ ግን በሩ ጋ አልደረሰም። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እናቱ ዛሬም ያቺን መንገድ ትመላለስባታለች።

ትምህርት ቤቱ ሳምንታት ተዘግቶ ሲከፈት ወላጅና ተማሪ አዳራሽ ተጠራን። ከከተማው አስተዳደር የመጡ ሦስት ሰዎች ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዘው መጥተዋል። በዚያ ግርግር ሦስት ፕላዝማዎች ተሰብረው ነበር፤ ማን እንደሰበራቸው አላውቅም። የተሰነጠቀውን መስታወት ከፊት፣ ከጎን፣ በቅርበት አነሱትና ግድግዳው ላይ እያገላበጡ አሳዩን። የልጁን ፎቶ አላሳዩም። ስሙንም አልጠሩም። እናቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ የቴሌቪዥን ፎቶ ስታይ ዋለች። እነዚህ ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው እንዴት እንደበሉ እግዚአብሔር ያውቃል።

በመጨረሻ መሐል የተቀመጠው ሰውዬ «በሩን ማን ከፈተው?» ሲል ጠየቀ።

አዳራሹ ዝም አለ። ያ ዝምታ መልስ እንደነበር፣ ስንት መቶ ሰው አንድ ሽማግሌን በዝምታ ሸፍኖ እንደተቀመጠ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ አልገባኝም። ሰዎቹ የማያውቁትን ነገር የሚጠይቁ መሰለኝ፤ አዳራሹም ምስጋና የነፈጋቸው መሰለኝ። እጄን አወጣሁ።

«ኦቦ ገመዳ ናቸው የከፈቱልን» አልኩ። «እሳቸው ባይከፍቱልን እናልቅ ነበር።»

ሰውዬው «ጎበዝ» አለኝና ጻፈ።

በሳምንቱ አባረሯቸው። ካፖርቱ የትምህርት ቤቱ ነው ተብሎ እሱንም አስረከቡ። ለመሰናበት ስመጣ የቀለም ቆርቆሮውን በገመድ አስረው ይዘዋል፤ ልጃቸው ዘንድ፣ ተጂ ሊሄዱ ነው። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ።

«እውነት ነው የተናገርሽው፣ ምን ያስለቅስሻል» አሉኝ። «እነሱ መልሱን ያውቁት ነበር፣ ኢንተላ ኮ። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅሽ ሰው ሲመጣ አትቸኩዪ።»

ተጂ የሄድኩት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ልጃቸው በሩ ላይ ተቀብላኝ ከሁለት ወር በፊት እንደቀበረቻቸው ነገረችኝ። ይቅርታዬን ለማን እንደምሰጥ አላውቅም፤ ይዤው ቀረሁ።

አሁን ሱሉልታ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለፈው ለመምህራን ሥልጠና ተጠራን። ታብሌት ሊታደል ነው። አሠልጣኙ ሸሚዙን ተኩሶ የመጣ ልጅ ነው፣ «የትምህርት መጪው ጊዜ ቴክኖሎጂ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ ከእንግዲህ ተማሪው መምህር ሳይጠብቅ እንደሚማር አስረዳን። «ጥያቄ አለ?» አለና እጃችንን ሳናነሳ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። የልጆች እናት የሆንኩ ሴትዮ፣ «ይሄ ዕቃ ልጁ እስኪያስብ ይጠብቀዋል ወይ?» አልኩት። ፍጥነቱ ሊስተካከል እንደሚችል ነገረኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ወጥቼ ውጭ ቆምኩ።

ማሽን እጠላለሁ ማለት አይደለም። ኦቦ ገመዳን ያቆየልኝ የፎዚያ ስልክ ነው። የሚያንገበግቡኝ ስክሪን ገዝተው ሰው የሚያባርሩ፣ መስታወት ሲሰበር የሚሰበሰቡ፣ ልጅ ሲሞት የማይሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። እነሱ መቼም የመሣሪያ እጥረት አይገጥማቸውም።

ፎዚያ ያንን ቅጂ በአባቷ ሱቅ አሮጌ ሜሞሪ ካርድ ውስጥ አግኝታ በቅርቡ ላከችልኝ። የእንቆቅልሹ መልስ በር ነው። በሩ ሥር ዓመታት ተቀምጬ በር ማለት አቃተኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መልሱ እሳቸው ራሳቸው ይመስሉኛል፤ ያን ሁሉ ልጅ አስገብተው አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ አልተቀመጡም። መመለስ የነበረብኝን አልመለስኩም፣ ዝም ማለት የነበረብኝን መለስኩ።

ከሥልጠናው በማግስቱ ለመለማመጃ ከተሰጡን ታብሌቶች አንዱን ይዤ ክፍል ገባሁና ቅጂውን ለተማሪዎቼ ከፈትኩላቸው። የኦቦ ገመዳ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ሰውን ሁሉ ያስገባል፣ እሱ ግን ገብቶ አያውቅም።» ከዚያ ጭራሮው ይንጣጣል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ባትሪውን ሊያይልኝ ተነሳ። የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ፈተና ሁልጊዜ ቀድማ የምታስረክብ ልጅ አለችኝ፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ቲቸር፣ ተቋረጠ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተቋረጠም» አልኳት። «እየጠበቁሽ ነው።»